24ኛው ሰው፦ ገረመው ደንቦባ እና ደመወዝ የሌለው ፔዳል

የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ታሪክ ከየት ይጀምራል ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን በቀጥታ ሮም እንወርዳለን። አበበ ቢቂላ፣ ባዶ እግር፣ የአክሱም ሐውልት፣ በጨለማ ችቦ የያዙ ወታደሮች። መልሱ ያምራል፤ ግን በአራት ዓመት ዘግይቷል። ኢትዮጵያ የኦሊምፒክን በር መጀመሪያ ያንኳኳችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ያኔ ከተላኩት 12 ስፖርተኞች ውስጥ አራቱ ሯጮች አልነበሩም። ብስክሌተኞች ነበሩ። ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታ እና ኃይሉ ፋና።

ከአራቱ ገረመው በግል ውድድሩ 24ኛ ወጣ። 24 ቁጥር ካኔተራ ላይ አይታተምም። በስሙ አደባባይ አይሰየምም፣ ዘፈንም አይወጣለትም። እኛ ግን ዛሬ ስለዚህ ቁጥር እናወራለን። ቁጥሩ ከሚመስለው በላይ ትልቅ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ለምን 14 ወይም 4 እንዳልሆነ መጠየቁ ደግሞ ዛሬም ጉልበት ኖሮት መንገድ ላጣ ወጣት ሁሉ የሚሆን ጥያቄ ነው።

(ማሳሰቢያ፦ የአገራችንን ነገር በዓ.ም.፣ የውጭውን በእ.ኤ.አ. እንቆጥራለን። ግራ እንዳትጋቡ።)

ኅዳር 28፣ ብሮድሜዶውስ

ቀኑ ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንጆቹ ዲሴምበር 7, 1956 ይሉታል። ቦታው ከሜልቦርን መሐል ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ብሮድሜዶውስ። ተወዳዳሪዎቹ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ዳገትና ቁልቁለት ያለበት ጎዳና 11 ጊዜ ይዞራሉ። ሲደመር 187.73 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለኛ ሰው በሚገባ ሚዛን እናስቀምጠው ካላችሁ፣ ከባሕር ዳር ተነስቶ ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፎ ጎንደር መግባትና ጥቂት ኪሎ ሜትር መጨመር ማለት ነው። አሸናፊው ይህንን በ5 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ጨርሶታል። በአማካይ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር። ሞተር የለም፣ ለምሳ መውረድ የለም፣ «ሹፌር እዚህ ጋ አቁምልኝ» የለም።

ውድድሩ ገና ሳይጀመር ግርግር ተነሳ። ያልተመዘገቡ የአየርላንድ ብስክሌተኞች ከተወዳዳሪዎቹ መሐል ተቀላቅለው መነሻው ላይ ተገኙ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዕውቅና የነሳው የአየርላንድ ማኅበር አባላት ነበሩ፤ ተቃውሟቸውን ዓለም በተሰበሰበበት ሊያሰሙ ነው የመጡት። እነሱን አስወጥቶ ውድድሩን ለማስጀመር ጊዜ ወሰደ። እስቲ ገምቱት። አገራችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ገብታለች፣ እናንተ መነሻው መስመር ላይ ቆማችኋል፣ እግራችሁ ሞቋል፣ ልባችሁ ይመታል፣ ዳኞቹ ግን የሌላ አገር ጭቅጭቅ ላይ ናቸው።

የጎዳና ብስክሌት ከሩጫ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ነፋስ። በዚያ ፍጥነት ሲነዱ ትልቁ ጠላት አየሩ ራሱ ነው። ከፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፣ ከኋላው የተጠጋው በእጅጉ ባነሰ ጉልበት አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ጎበዝ ብስክሌተኛ ማለት ጠንካራ እግር ያለው ብቻ አይደለም። መቼ ከሰው ጀርባ እንደሚደበቅ፣ መቼ ብቻውን እንደሚወጣ፣ የማንን ጎማ ማመን እንዳለበት የሚያውቅ ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ ብቻ ለብቻ በመንዳት አይገኝም። በየሳምንቱ ከብዙ ሰው ጋር መወዳደርን ይጠይቃል። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የዕለቱ ባለ ድል ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው። ብቻውን ወጥቶ ሁለተኛውን ሁለት ደቂቃ ገደማ አስከትሎ ገባ። ፈረንሳዊው አርኖ ዤየር ሁለተኛ፣ እንግሊዛዊው አለን ጃክሰን ሦስተኛ ሆኑ። ገረመው ደንቦባ 24ኛ። ብዙዎች ውድድሩን ሳይጨርሱ ከመንገድ መውጣታቸውንም እዚሁ ላይ ጨምሩበት።

ጨዋታው ግን እዚህ አያበቃም። የቡድን ውጤትም ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የአንድ አገር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ብስክሌተኞች የወጡበት ደረጃ ይደመራል፣ ትንሽ ቁጥር ያመጣ ያሸንፋል። ፈረንሳይ 2ኛ፣ 8ኛ እና 12ኛ ስለወጣች በ22 ነጥብ ወርቁን ወሰደች። እንግሊዝ በ23፣ ጀርመን በ27 ነጥብ ተከተሏት። የወርቁ ባለቤት የባልዲኒ አገር ጣሊያን በቡድን ሜዳሊያ አላገኘችም። አንድ ሰው ፊት ቢወጣ የኋለኞቹ ካልደገፉት በቡድን ዋጋ የለውም ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አባባል በነጥብ የሚያሰላ ስፖርት ቢኖር ይኸው ነው።

በዚህ ስሌት ኢትዮጵያ 9ኛ ሆነች። ከዓለም። በመጀመሪያ ኦሊምፒኳ። በብስክሌት። በዚያው ኦሊምፒክ ማራቶን ላይ ባሻዬ ፈለቀ 29ኛ፣ ገብሬ ብርቃይ 32ኛ ወጥተዋል፤ ለጀማሪ አገር ሁለቱም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንድ ጋዜጠኛ «ኢትዮጵያ ወደፊት በምን ስፖርት ትታወቃለች?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ቁጥሩን አይቶ «በብስክሌት» ብሎ ቢመልስ ማንም አይስቅበትም ነበር።

ያልመጡት ስዊሶች

በዚያ ቀን ብሮድሜዶውስ ላይ አንድም የስዊስ ብስክሌተኛ አልነበረም። ስዊዘርላንድ፣ ስፔንና ሆላንድ ሶቪየት ኅብረት ሀንጋሪን መውረሯን ተቃውመው ከሜልቦርን ቀርተዋል። ግብፅ፣ ኢራቅና ሊባኖስ ደግሞ በስዊዝ ካናል ጦርነት ምክንያት ቀርተዋል። የኛ ሰዎች ኦሊምፒክ ሲገቡ ዓለም በሁለት እሳት ትለበለብ ነበር።

የስዊሶቹን መቅረት ያነሳነው ያለ ነገር አይደለም። ያ ዘመን የስዊስ ብስክሌት ወርቃማ ዘመን ነው። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ፈርዲ ኩብለር እና ሁጎ ኮብሌት። ኩብለር በ1919 ተወለደ፣ በ1950 ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ፣ በ1951 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ኮብሌት በ1925 ዙሪክ ከዳቦ ጋጋሪ ቤተሰብ ተወለደ። በ1950 የጣሊያንን ጂሮ በማሸነፍ የመጀመሪያው የውጭ አገር ሰው ሆነ፤ በ1951 ቱር ደ ፍራንስንም ደገመ። በዚያ ቱር ከብሪቭ ወደ አዤን በሚወስደው መንገድ 135 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ነድቶ፣ የዘመኑ ኃያላን ተባብረው ቢያሳድዱትም ሳይደርሱበት ገባ። መድረሻው ላይ ማበጠሪያውን አውጥቶ ፀጉሩን እያበጠረ በሰዓቱ የተከታዮቹን መዘግየት ለካ ይባላል። በመጨረሻም ሁለተኛውን ሰው በ22 ደቂቃ በለጠው። ዘናጭ ማለት እንዲህ ነው።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ከሰማይ አልወረዱም። ኩብለር ሦስት ጊዜ፣ ኮብሌትም ሦስት ጊዜ ያሸነፉት የስዊዘርላንድ ዙር ከ1933 ጀምሮ የነበረ ውድድር ነው። ዙሪክ ውስጥ በ1912 የተከፈተ የብስክሌት መሮጫ ሜዳ ነበር። ብስክሌት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ለነጂዎች ደመወዝ ይከፍሉ ነበር፤ ነጂው ሲያሸንፍ ፋብሪካው ብስክሌቱን ይሸጣል። ከ1954 ወዲህ ደግሞ ከብስክሌት ጋር ዝምድና የሌላቸው ድርጅቶች ጭምር፣ ክሬም የሚሸጠው ኒቪያ ሳይቀር፣ በነጂ ካኔተራ ላይ ስማቸውን ማጻፍ ጀመሩ። አንድ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ጥሩ እግር ካለው ከሰፈር ውድድር ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ አገር፣ ከአገር ወደ ቱር ደ ፍራንስ የሚወጣበት መሰላል ተዘርግቶለታል። መሰላሉ ጨካኝ ነው፣ ብዙዎች ይወድቁበታል፤ ግን አለ።

መሰላሉ ሁሉንም ያድናል ማለታችንም አይደለም። ኮብሌት ከብስክሌት ከወረደ በኋላ ኑሮ አልገራለትም። በኅዳር 1964 መኪናው ከዛፍ ጋር ተላትሞ በ39 ዓመቱ ሞተ። ኩብለር ደግሞ 97 ዓመት ኖሮ በ2016 መጨረሻ አረፈ። አንድ ዘመን፣ አንድ አገር፣ አንድ ሙያ፣ ሁለት ፍጻሜ።

አንድ እርከን ያለው መሰላል

ስዊዘርላንድ ሜልቦርን ብትመጣ ኖሮ ገረመው ከኩብለር ጋር ይፎካከር ነበር? አይደለም። በዚያ ዘመን ኦሊምፒክ ለአማተሮች ብቻ ነበር። በስፖርቱ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው አይገባም። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት አቬሪ ብራንዴጅ በዚህ ጉዳይ ፍጹም የማይወላወሉ ሰው ነበሩ። ፕሮፌሽናል የጎዳና ብስክሌተኞች ኦሊምፒክ የገቡት በ1996 አትላንታ ላይ ነው።

ሕጉ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነው። በኑሮ ላይ ግን እኩል አይደለም። ለአውሮፓዊ ወጣት አማተርነት የሙያው መግቢያ በር ነው። ባልዲኒን እንይ። በመስከረም 1956 ገና አማተር ሳለ በአንድ ሰዓት 46.394 ኪሎ ሜትር ነድቶ የሰዓት ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዲሴምበር ሜልቦርን ላይ ወርቅ ወሰደ፤ በ1957 ሌኛኖ ከተባለው የብስክሌት ፋብሪካ ቡድን ጋር ሆኖ ፕሮፌሽናል ሆነ፤ በ1958 ጂሮንም የዓለም ሻምፒዮናንም አሸነፈ። ለሱ ሜልቦርን የመሰላሉ አንዱ እርከን ነበር።

ለገረመውና ለጓደኞቹ ግን ሜልቦርን የመሰላሉ መጨረሻም ነው። አገር ቤት ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ፕሮፌሽናል ቡድን የለም። ደመወዝ የሚከፍል የብስክሌት ፋብሪካም የለም። ኦሊምፒክ ላይ 24ኛ የወጣ ሰው ቀጣይ ግቡ ምን ይሁን? የሚቀጥለው ኦሊምፒክ፤ ከአራት ዓመት በኋላ። በመሐል ያሉትን ዓመታት ያ ከነፋስና ከሰው ጋር የመጋፋት ዕውቀት ከየት ይምጣ? ከላይ «ያዙልን» ያልናችሁ ነጥብ ይህች ናት። እግር ከእናት ሆድ ሊመጣ ይችላል፤ ውድድር ግን የሚመጣው ከአገር ነው።

በነገራችን ላይ ኩብለር ባሸነፈው የ1950ው ቱር ደ ፍራንስ ላይ የሰሜን አፍሪካ ቡድን ነበር። ከፐርፒኛ እስከ ኒም ያለውን የዕለት ውድድር ያሸነፈው ከዚያ ቡድን የሆነ የአልጄሪያ ተወላጅ፣ ማርሴል ሞሊኔስ ነው። አልጄሪያ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረች ነጂዎቿ የፈረንሳይን መሰላል ይጠቀሙ ነበር። እኛ ነፃ አገር ነበርን፤ ነፃ አገር ደግሞ መሰላሉን ራሱ መሥራት አለበት። ይህን ስንል ቅኝ ግዛትን እየናፈቅን አይደለም፤ የቤት ሥራችን ምን እንደነበረ እያስታወስን ነው።

ከአሥመራ የመጣው ካቴና

እውነቱን ለመናገር በዚያ ዘመን በአገራችን አንድ ግማሽ መሰላል ነበር፤ አሥመራ። የብስክሌት ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ጎማ፣ ካቴና፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃል ናቸው። ጣሊያኖች ብስክሌትን ወደ ኤርትራ ይዘው ገቡ፣ ውድድርም አመጡ፣ ግን ለራሳቸው ብቻ። ኤርትራውያን ከነሱ ጋር እንዲወዳደሩ አይፈቀድላቸውም ነበር። በ1939 ሁለቱ አንድ ላይ በተወዳደሩበት ጊዜ ግን ገብረማርያም ገብሩ የተባለ ኤርትራዊ ጣሊያኖቹን አሸነፈ። በ1946 የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ተካሄደ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የአሥመራ ፔዳል የኢትዮጵያም ፔዳል ሆነ።

በ1968 ሜክሲኮና በ1972 ሙኒክ ኢትዮጵያን ወክለው የነዱት እንደ የማነ ነጋሲ እና ተከስተ ወልዱ ያሉ ብስክሌተኞች የዚሁ ባህል ፍሬ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጦርነቱ ረዘመ፣ አብዮቱ መጣ፣ ኢትዮጵያ ከ1976፣ ከ1984 እና ከ1988 ኦሊምፒኮች ራሷን አገለለች። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን የብስክሌቱ ዋና ከተማ አብሯት ሄደ።

እነሱ መሰላሉን ቀጠሉበት። ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተራራ ጀግናውን ነጠብጣብ ካኔተራ ለበሰ። ቢንያም ግርማይ በ2024 ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ካኔተራ ይዞ ጨረሰ። እኛ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን «የሐበሻ ልጅ!» ብለን ጮኽን። ደስታው ከልብ ነው። ግን ከደስታው ኋላ አንድ ትንሽ ሐዘን ካልተሰማን ታሪካችንን አናውቅም ማለት ነው።

ማሞ እና ገረመው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሜልቦርን ከሄዱት 12 ስፖርተኞች አንዱ ማሞ ወልዴ ነበር። በ800 ሜትር እና በ1500 ሜትር ሮጦ ሁለቱንም ማጣሪያ አላለፈም። ያኔ ውጤት ብቻ ታይቶ ቢፈረድ ኖሮ ከማሞና ከገረመው የትኛው ተስፋ ያለው ነው ሲባል መልሱ ገረመው ነው።

ማሞ ግን የክብር ዘበኛ ሰው ነበር። ለሯጮች የአገራችን መሰላል ያ ነበር። ጦሩና የክብር ዘበኛው ሯጩን ይቀጥረዋል፣ ደመወዝ ይከፍለዋል፣ ይመግበዋል፣ ልምምድ ያሠራዋል። እንደ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ያለ አሠልጣኝም ነበረ። ወረቀት ላይ ወታደር ነው፣ ስለዚህ አማተር ነው፤ ብራንዴጅም አይቆጣም። በተግባር ግን ከሩጫ ሌላ እንጀራ ፍለጋ መዋል የለበትም። አበበ ቢቂላም ከዚያው ቤት ነው የወጣው። ማሞ በዚህ መሰላል ላይ 12 ዓመት ቆየ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ በ10,000 ሜትር ብር፣ በማራቶን ወርቅ አመጣ። በ1972 ሙኒክ ላይ ነሐስ ጨመረ።

ልዩነቱ የእግር አይደለም፤ የጊዜ ነው። አንዱ ተሸንፎ እንዲማር ጊዜ ተሰጠው። ሩጫ ርካሽ መሆኑም ረድቷል፤ አበበ እንዳሳየን ጫማ እንኳ ግዴታ አይደለም። የውድድር ብስክሌት ግን ከውጭ ይመጣል፣ መለዋወጫውም ከውጭ ይመጣል። አንድ የተበጠሰ ካቴና የአንድ ዓመት ዝግጅት ያስቀራል።

ገረመው ሮምም ሄዶ ነበር። በነሐሴ 1952 ዓ.ም. ሮም እሳት ነበረች። በ100 ኪሎ ሜትሩ የቡድን ውድድር ላይ ክኑድ ኢነማርክ የንሰን የተባለ የዴንማርክ ብስክሌተኛ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። የብስክሌት ውድድሮቹ ካለቁ በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አበበ ቢቂላ ባዶ እግሩን ሮጦ ዓለምን አስደመመ። ከዚያች ምሽት በኋላ አገሩ ሁሉ ወደ ሩጫ ዞረ። ማን ይፈርዳል? ወርቅ የሚያወጣ ጉድጓድ ተገኝቶ ሌላ ጉድጓድ የሚቆፍር የለም። ነገር ግን ቆፋሪው ሁሉ አንድ ጉድጓድ ላይ ሲጎርፍ፣ ሌላ ጉድጓድ ከፍቶ ግማሽ መንገድ የደረሰ ሰው እንደነበር ይረሳል።

60 ዓመት

ከሜልቦርን እስከ ቱር ደ ፍራንስ ስንት ዓመት ፈጀብን? ልክ 60። በ1991 መቀሌ የተወለደው ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እንዴት እዚያ ደረሰ? በደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ኩቤካ ቡድን፣ ከዚያም በጣሊያኑ ላምፕሬ ሜሪዳ በኩል። መሰላሉ ከአገር ውጭ ነው። ኩብለር በዚያው ዓመት መጨረሻ ማረፉ አጋጣሚ ነው፤ ግን ገረመው ሊነካው ያልቻለው ዓለም የመጨረሻ ምስክር ሲሄድ የኛ ሰው በሩን ገና መክፈቱ ነበር።

ሴቶቹስ? እየሩ ተስፎም ገብሩ የዓለም ብስክሌት ማኅበር በ2002 ስዊዘርላንድ፣ ኤግል ከተማ በከፈተው ማዕከል ሠልጥናለች። የትግራይ ጦርነት ከተነሳ በኋላ ፈረንሳይ ጥገኝነት ጠየቀች፤ በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይም የነዳችው በስደተኞች ቡድን ስም ነው። በ1949 ዓ.ም. አራት ብስክሌተኞች ባንዲራዋን ይዘው የሄዱላት አገር ልጅ፣ በ2024 ያለ ባንዲራ ጎዳና ላይ ወጣች። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንጽፍ እጃችን ከብዷል።

«አገሩ ተራራ ነው» ለሚሉን

ይህን ወሬ ለጓደኛ ስንነግር የምንሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ተዉት ባካችሁ፣ አገሩ ተራራ ነው፣ ሳይክል ለባሕር ዳር ነው።» እውነት ነው፣ ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ሳይክል በሽ ነው። እኛ ግን ጉና ተራራ ሥር፣ እስቴ መካነ ኢየሱስን፣ ስማዳንና ጋይንትን እያሰብን ነው የምንጽፈው። ሳይክል በሰዓት ተከራይቶ ተራ መጠበቅን፣ ዳገት ሲመጣ ወርዶ መግፋትን የማያውቅ የለም።

ግን እስቲ ስዊዘርላንድን እዩ። ሜዳ ናት እንዴ? እነ ኩብለር የሚታወቁበት የጎትሃርድ ማለፊያ ከፍታው 2,106 ሜትር ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የስዊሶቹ ጀግኖች ተንፍሰው የሚወጡት ጫፍ ከደብረ ታቦር ገበያ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል ማለት ነው። ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የዛሬ ብስክሌተኞች ደማቸው ኦክስጅን እንዲይዝ ብለው ከፍታ ያለበት ቦታ ሄደው ሆቴል ይከፍላሉ። እኛ በነፃ ተወልደንበታል።

መንገድ የለም የሚል ካለም ታሪክ እናስታውሰው። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል ሲቀለጥ ከባዕዳን ሠራተኞቹ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የተባለ ስዊስ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ያንን ባለ ብዙ ቶን መድፍ በጎማ ባልሆነ መንኮራኩር ላይ አድርገው፣ ድንጋይ እየፈለጡ፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል መቅደላ አደረሱት። ከጥቅምት 1867 እስከ መጋቢት 1868 ፈጀ። ዓላማው ሌላ ቢሆንም፣ በእነዚህ ተራሮች ላይ መንኮራኩር እንዲያልፍ የተቆረጠ መንገድ ነው። ዛሬ በዚያው አቅጣጫ አስፋልት ተዘርግቷል። ተራራው እንቅፋት ሳይሆን መለማመጃ ነው፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

የጎደለውን ገረመው በ24 ቁጥር ነግሮናል። ብስክሌት፤ እሺ። አሠልጣኝ፤ እሺ። ከሁሉም በላይ ግን የሚደጋገም ውድድርና፣ ነጂው በመሐል ምን በልቶ እንደሚያድር የሚያስብ ሰው። በየወረዳው ከተማ በዓመት አንድ ጊዜ ባንዲራ የሚውለበለብበት «የስፖርት ቀን» በቂ አይደለም። በየወሩ የሚደረግ፣ ሽልማቱ ትንሽ ቢሆንም የማይቀር፣ ከደብረ ታቦር እስከ ንፋስ መውጫ ወይም ከአንዱ ቀበሌ እስከ ሌላው የሚሆን ውድድር መሰላሉን ከታች ይጀምረዋል። የስዊዘርላንድ ዙርም ከኩብለር በፊት ነው የተጀመረው። መጀመሪያ ውድድሩ፣ ከዚያ ሻምፒዮኑ። እኛ ሁልጊዜ ሻምፒዮኑ መጥቶ ውድድሩን እንዲፈጥርልን እንጠብቃለን።

ይህ ነገር ብስክሌት ብቻ አይደለም። ዲግሪ ይዛ ልምድ የላትም የምትባል ጓደኛችን፣ ችሎታ ኖሮት መድረክ ያጣ የሰፈር ዘፋኝ፣ ሁሉም የመጀመሪያውን እርከን ረግጠው ሁለተኛውን በአየር ላይ የሚፈልጉ ናቸው። ማኅበረሰባችን ደግሞ ወርቅ ካልሆነ ቁጥር አይቆጥርም። 24ኛን «ተሸነፈ» ይለዋል። ማሞ ወልዴም ሜልቦርን ላይ «ተሸንፎ» ነበር፤ ቆይ እንጂ ብሎ የጠበቀው ስላለ ነው ማሞ የሆነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ኦሊምፒክ ስንከራከር ታሪኩን ከሮም አንጀምር። ከብሮድሜዶውስ እንጀምር፤ መነሻው መስመር ላይ ከቆሙት ከአራቱ ሰዎች። ስማቸውን አንዴ እንድገመው፤ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታ፣ ኃይሉ ፋና። ከዓለም 9ኛ።